የእናቴ ጆሮና የኦቦ ነጋሳ ሰዓት

ስናገር እጮኻለሁ። ባጃጅ ውስጥ ስልክ ሳነሳ ሹፌሩ በመስታወቱ ገልመጥ አድርጎ ያየኛል፤ ለቅሶ ቤት ገብቼ «እግዜር ያጽናችሁ» ስል የተቀመጠው ሰው ሁሉ ቀና ይላል። ልጆቼ «እማዬ፣ ቀስ በይ፣ እንሰማለን እኮ» ማለት ከጀመሩ ስንት ዘመናቸው። እነሱም ሰለቻቸው፣ እኔም ሰለቸኝ። ጠበኛ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። የእናቴ ጆሮ አይሰማም ነበር፤ ዕድሜ ልኩን የጮኸ ጉሮሮ ደግሞ በእርጅናው ዝቅ በል ቢሉት አይለምድም። እናቴ ስትወለድ ደህና ትሰማ ነበር። ጆሮዋ የሄደው እኔ ዐሥር ዓመት ሲሞላኝ፣ እዚሁ ነቀምቴ፣ በጃንሆይ ጊዜ ነው። መርፌ ነው የወሰደው ይባላል። እውነት ነው፤ ግን እኔም አለሁበት።

አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ከሸዋ ተዛውሮ መጥቶ ነቀምቴ የቀረ። የሞተው በሳል ነው። ያን ጊዜ የሳምባ ነቀርሳን በስሙ የሚጠራ ሰው አልነበረም፤ «ብርድ መታው» ይባላል፣ ይቀበራል፣ በቃ። ዓመት ሳይሞላው እናቴም መሳል ጀመረች። የምንኖረው እሷ በምትሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም ነበር። በእጅ የሚዞረውን የስፌት መኪናዋን ስታዞር ሳሉ ሲመጣባት እጀታውን ትለቅና አፏን በነጠላዋ ትይዛለች፤ ሲያልፍላት ካቆመችበት ትቀጥላለች። አንድ ቀን ነጠላው ላይ ደም አየሁ። እሷም እንዳየሁ አየች። በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄደች፤ ለወራት በየቀኑ የምትወጋው መርፌ ታዘዘላት። ስሙ ስትሬፕቶማይሲን ነው፤ ከተማው ግን «የሳምባ መርፌ» ይለው ነበር።

ቤታችን እየመጡ የሚወጓት ኦቦ ነጋሳ የሚባሉ ድሬሰር፣ የያኔው የሐኪም ረዳት፣ ነበሩ። ሰፈራቸው ከእኛ ዝቅ ብሎ ስለነበር ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ ጎራ ይሉልናል። ረጅም፣ ቀጭን፣ የካኪ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ናቸው። የአልኮል ሽታ ቀድሟቸው ይገባል፤ የመርፌውን አልኮል ነው የምላችሁ እንጂ እሳቸው ጠላ እንኳ የማይቀምሱ የሚሲዮን ሰው ነበሩ። እናቴ የማርያም ሴት ናትና መጀመሪያ ረቡዕና ዓርብ የማይጾም ሰው እጅ ደስ አላላትም። ሳምንት ሳይሞላ ግን «እጁ የተባረከ ነው» አለች። «አካም ቡልታኒ፣ ሀዳ ዘነበች?» ይላሉ ከደጅ፣ እንዴት አደሩ፣ የዘነበች እናት ማለታቸው ነው፤ እናቴ ከገበያ በለቃቀመችው ኦሮምኛ «ፈያ፣ ገለታ ዋቃ»፣ ደህና፣ እግዜር ይመስገን ብላ ትመልሳለች። ዘነበች እኔ ነኝ፤ ባገሩ ደንብ እናት የምትጠራው በልጇ ነው።

ኦቦ ነጋሳ በሥራቸው ቀልድ አያውቁም። ለመርፌው ብቻ የሚሆን ድስት አስለይተውናል። እናቴ ሳትሰስት ደህናውን ድስቷን ሰጠቻቸው፤ ከእንግዲህ ወጥ አይሠራበትም ሲሏት ግን ፊቷ ቅጭም አለ። የብርጭቆውን ስሪንጅና መርፌውን ድስቱ ውስጥ ይከታሉ፤ ውሃው ከፈላ በኋላ የኪስ ሰዓታቸውን በሰንሰለቱ ስበው ያወጡና ሃያ ደቂቃ ይጠብቃሉ። ሃያው ሳይሞላ እሳቱን የነካ ወዮለት። ነጩን ዱቄት በጥብጠው፣ ትናንት በቀኝ ከወጉ ዛሬ በግራ ይወጋሉ። ብልቃጡንም መርፌውንም ቆጥረው ይዘው ይሄዳሉ፤ ለእኔ የሚተርፈኝ የጎማ ክዳኑ ነው። በዚያ ክዳን የሰፈር ልጆች የሽቦ መኪናቸውን ጎማ ይሠሩበት ስለነበር በዚያ ሰሞን ከእኔ የበለጠ የተከበረ ልጅ አልነበረም።

የመጀመሪያው ቀን እናቴን አስቀምጠው አስጠንቅቀዋታል። «ይህ መርፌ ሳምባን ያድናል፤ ጆሮን ግን ይነካል። ጆሮዎ ከጮኸ፣ መሬቱ ከዞረብዎ፣ በዚያው ቀን ይንገሩኝ። ሐኪሙ ይቀንስልዎታል፣ ካልሆነም በሌላ መድኃኒት ይለውጥልዎታል» አሏት። እሷም ራሷን ነቀነቀች። በራስ መነቅነቅ ብቻ የሚያምኑ ሰው አልነበሩምና ቅዳሜ ቅዳሜ ጆሮዋን ይፈትኑ ጀመር። መፈተኛቸው ያው የኪስ ሰዓታቸው ነው። ከጆሮዋ ኋላ ይያዛል፤ ቀጭ ቀጭ ሲል ትሰማ እንደሆነ ትጠየቃለች፤ ከዚያ ክንድ ያህል ይርቃል፣ እንደገና ትጠየቃለች።

ችግሩ ሻሿ ነው። እናቴ በአባቴ ሐዘን ፀጉሯን ተላጭታ ነበር። ለመርፌው ከነጠላዋ ሥር ብር የምታህል ቦታ መግለጥ የማይቀር ነገር ስለሆነ ችላዋለች፤ የተላጨ ራሷን ባዕድ ወንድ ፊት መግለጥ፣ ያውም ሰውየው ጆሮዋ ሥር ቆሞ እየተነፈሰ፣ እሱን ግን አልቻለችም። ኦቦ ነጋሳም ከእሷ ይብስ ያፍሩ ነበር። ስለዚህ «ነይ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ሰዓቱን ሰጡኝና አያያዙን አሳይተውኝ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ቆሙ። ከዚያ ወዲያ ሰዓት ያዥዋ እኔ ሆንኩ። አንድ ሰው ከማመንና ከማክበር በላይ ምን ያድርግ? እኛ የዋሸነው በዚያች ባዞሩልን ጀርባ ነው።

የእናቴን ፍርሃት ልንገራችሁ። የጎረቤታችን የአዴ ብርቄ እህት ያንኑ መርፌ ትወጋ ነበር፤ ቢላ ከምትባለው መንደር ድረስ እየተመላለሰች። ክረምት ገባ፣ መንገዱ ጨቀየ፣ እሷም ሲሻላት ጊዜ ቀረች። በመስከረም ሞተች። እናቴ ከወሬው ሁሉ የያዘችው አንዱን ብቻ ነው፤ መርፌው ሲቆም ሞተች የሚለውን። ስለዚህ በሁለተኛው ወር ጆሮዋ ሲጮህ መጀመሪያ «ማን እንደሚያነሳኝ እንጃ» ብላ ሳቀችበት፤ አልተው ሲላት ደግሞ ደበቀችው። እሷው ናት እኮ ሆዴን ቆርጦኝ ዝም ስል «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለች የምትቆጣኝ። አንድ ዓርብ ቀን ጠራችኝና ሰዓቱ አልሰማ እንዳላት ነገረችኝ። «ይህን ካወቁ መርፌውን ያቆሙብኛል። እኔም እንደ አባትሽ እሄዳለሁ። አንቺን ማን ያሳድግሻል?» አለችኝ። ዘዴውንም የነገረችኝ እሷ ናት፦ ሰዓቱን ሳስጠጋ ጀርባዋን በጉልበቴ ነካ አደርጋታለሁ፤ በጣም ሳርቀው አልነካትም።

በዚህ ሁኔታ ስድስት ቅዳሜ ዋሸን። ኦቦ ነጋሳ ጀርባቸውን ይሰጡናል፣ እኔ ሰዓቱን አስጠጋለሁ፣ ጉልበቴ ጀርባዋን ይነካል፣ እሷ «እሰማለሁ» ትላለች፣ እሳቸው «ጋሪ ዳ» ብለው፣ ደግ ነው ማለታቸው ነው፣ መርፌውን ይወጋሉ። በየሳምንቱ የእናቴ ጆሮ ይሸሻል። ከኋላዋ ስጠራት መልስ የለም። ግድግዳ እየያዘች መሄድ ጀመረች፤ መሬቱ ይዞርባታል። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩን ከፍቼ እገባለሁ፣ አጠገቧ ቆሜ ትከሻዋን እስክነካት ድረስ መኪናዋን ታዞራለች፣ ከዚያ ትደነግጣለች። እኔ ደግሞ ጠዋት መርፌ ሲወጓት እያንዳንዱ ጠብታ ወደ ጆሮዋ ሲሄድ የሚታየኝ ይመስለኝ ነበር። ለማን እነግራለሁ? ብናገር እናቴ ትሞታለች፤ ዝም ብል ደግሞ የሚሆነውን እያየሁት ነው። በዐሥር ዓመት ልጅ ላይ ይህ ይጫናል? ተጭኗል።

አንድ ጠዋት ኦቦ ነጋሳ ከደጅ «አካም ቡልታኒ» ቢሉ፣ ቢደግሙ፣ እናቴ ፊቷን ወደ መኪናዋ እንዳደረገች ቀረች። ቀና ያለችው ጥላቸው ጨርቁ ላይ ሲያርፍ ነው። መርፌያቸውን ወግተው ሄዱ። በቀጣዩ ቅዳሜ እንደ ወትሯቸው ሰዓቱን ሰጥተውኝ ወደ በሩ ዞሩ። የእናቴን ሻሽ ላላ አድርጌ ሰዓቱን ወደ ጆሮዋ ሳስጠጋ፣ የለመድኩት ድምፅ የለም። መጀመሪያ የመሰለኝ እኔም መደንቆሬ ነው፤ እግዚአብሔር ለውሸቴ የላከብኝ ቅጣት መሰለኝ። ወደ ራሴ ጆሮ ወሰድኩት፤ ዝም። አየሁት፤ ትንሿ ቆጣሪ ቀጥ ብላለች። ሰዓቱ ቆሟል። ኦቦ ነጋሳ ሰዓታቸውን ሳይሞሉ ከቤት የሚወጡ ሰው አይደሉም። ያን ጊዜ ገባኝ፤ አውቀው ነው ያቆሙት።

እናቴን ካልነካኋት ዝም ትላለች፤ ለቆመ ሰዓት ደግሞ ዝም ማለት ትክክለኛው መልስ ነው። ምስጢራችን ይተርፋል። ይህ ሁሉ ተገልጦልኝ ነበር። ነካኋት። ለብዙ ዓመት «ልጅ ነበርኩ፣ ደንግጬ ነው» እያልኩ ለራሴ ስነግር ኖሬአለሁ፤ ደንግጬ አልነበረም። ደክሞኝ ነበር። አዋቂ የሆነ ሰው አንዱ መጥቶ ከላዬ እንዲያወርድልኝ ፈልጌ ነው።

«እሰማለሁ፣ ጥርት ብሎ» አለች እናቴ።

ኦቦ ነጋሳ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ሰዓቱ እኮ ቆሟል፣ ሀዳ ዘነበች» አሉ። እናቴ አልሰማቻቸውም። ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ቀጣዩን የጉልበቴን ንክኪ ትጠብቃለች። ቀስ ብለው ዞሩ፣ ሰዓቱን ከእጄ ወሰዱና ፊቷ ላይ ያዙላት። ሰዓቱን አየች። ቀጥሎ እኔን አየች። «ታውቂ ነበር?» አለችኝ። አዎን በሚል ራሴን ነቀነቅሁ። «ገደልሽኝ» አለች። አልጮኸችም፣ አልመታችኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያን ዕለት መርፌ አልተወጋችም። ሰኞ ኦቦ ነጋሳ ራሳቸው ይዘዋት ሐኪሙ ዘንድ ሄዱ፤ መርፌው ቆሞ በእፍኝ የሚዋጥ ኪኒን ተሰጣት። እናቴ መሞቷን አምናለች። የጀመረችውን ዩኒፎርም ሁሉ ጨረሰች፤ መኪናው ላይ ክር አገባብ አስተማረችኝ፤ ሸዋ ያለው አጎቴ ዘንድ እንድሄድ ለነፍስ አባቷ ተናገረች። እኔ በየጠዋቱ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ነጠላዋን ገልጬ አያለሁ። ደም ካለ የገደልኳት እኔ ነኝ። አልነበረም። በማግስቱም አልነበረም። እንዲህ እንዲህ እያልን ፋሲካ ደረሰ፤ ጉንጯ ሞላ፣ ሳሉ ጠፋ። የሄደው ጆሮ ግን ሄደ። ግራው ጭራሽ ተዘጋ፤ በቀኙ በኩል ተጠግተው ከጮኹ የምትሰማው ጥቂት ቀረላት። አንድ ወር ቢጨመር ያም አይተርፍም ነበር ብሏል ሐኪሙ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የጮኽኩት ወደዚያች ወደ ተረፈችው ነው።

ኦቦ ነጋሳ ጥፋቱን ለእኔም ለእናቴም አልሰጡም። «የእኔ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ አይሰጥም» ብለው፣ ከዚያ ወዲያ ሴት በሽተኛ ሲፈትኑ ባለቤታቸውን ይዘው ይሄዱ ጀመር። እናቴ ደግሞ ያን ቅዳሜ አንስታብኝ አታውቅም። አንዴ ብቻ ከአዴ ብርቄ ጋር ጓዳ ተቀምጣ በሹክሹክታ ስታወራ ሰማኋት። ጆሮው የማይሰማ ሰው ሹክሹክታው ምን እንደሚያህል አያውቅም፤ እኔ የነበርኩት ደጅ፣ ልብስ እያጠብኩ ነው። «ያቺ ልጅ ናት ያተረፈችኝ፤ አልነግራትም ግን፣ ትኮራብኛለች» አለች። ሳሙናውን ይዤ አለቀስኩ፣ እየሳቅሁም ነበር።

አሁን በየመንገዱ መድኃኒት ቤት አለ። በቀደም ከአንዱ ገብቼ ለጎረቤቴ የታዘዘላትን መርፌ ስቀበል፣ የሚሸጠው ልጅ ስልኩን እያየ ካርቶኑን ገፋልኝ። ምን ያደርጋል፣ ምን ይነካል ብዬ ብጠይቀው «ወረቀቱ ላይ አለ፣ እማማ» አለኝ። ወረቀቱ ስምንት ቦታ ታጥፏል፤ ፊደሉ ለዐይኔ አይገባም። ልጁን አልፈርድበትም፤ ከኋላዬ ሰልፍ ነበር። እኛ ግን በየሳምንቱ ቤታችን መጥቶ የሚጠይቅ ሰው ነበረን፤ እሱን ዋሸነው። ይህን ሳስበው ድካም ድካም ይለኛል።

የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ እናቴ አራስ ልትጠብቀኝ መጣች። «አንቺ ተኚ፣ ልጁን እኔ አይልሻለሁ» ስትለኝ፣ ሲያለቅስ በምን ትሰማዋለች ብዬ ተጨነቅሁ፤ መናገሩን ግን ፈራሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነቅቼ ቀና ስል ሁለቱም ተኝተዋል። መዳፏን ልጁ ደረት ላይ አሳርፋለች። ገና ለማልቀስ ትንፋሹን ሲስብ ከእኔ ጆሮ ቀድማ ብድግ አለች። እስከ ክርስትናው ቀን ድረስ ያ እጅ ከደረቱ ላይ አልተነሳም። እሷ ካረፈች ብዙ ዘመን ሆነ፤ ልጁም አድጎ አዋሳ ነው፣ የራሱ ልጆች አሉት። ስልክ ሲደውል ሕፃኑ ከበስተኋላ ሲያለቅስ እዚህ ሆኜ ጥርት አድርጌ እሰማለሁ። እጄን የማሳርፍበት ደረት ግን አጠገቤ የለም።