የባላምባራስ ዱካና የእኛ መጥረጊያ

ልጅ ሳለሁ፣ እሪ በከንቱ ሰፈር ከወንዙ አፋፍ ላይ የነበረው ቤታችን እንዴት ያለ ዝርክርክ እንደነበረ ሙሉውን ብነግራችሁ ውሸታም ትሉኛላችሁ፤ ስለዚህ ቀነስ አድርጌ ልንገራችሁ። አንዲት ቄብ ዶሮ በመስከረም ከአልጋ ሥር ገብታ ጠፋችብን። ጅብ በላት ብለን ተውናት። ለፋሲካ ከነልጅ ልጆቿ ወጣች። ጅቡም ቢሆን፣ ያኔ የአራዳን ጥራጊ ሌሊት እየዞረ የሚያነሳው እሱ ነበርና፣ እኛ ደጅ ሲደርስ «ይሄስ ለብቻዬ አይቻለኝም» ብሎ ያልፍ ነበር ይባላል።

እናቴ ወይዘሮ አስካለ ጌሾ ነጋዴ ነበረች። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገችን ከጊዮርጊስ በታች በነበረው ገበያ ጌሾ ቸርችራ ነው። ጌሾ ደግሞ ቤት ውስጥ ሲደርቅ ቅጠሉ የማይገባበት ቀዳዳ የለም፤ ከቁርበቱ ሥር፣ ከወጡ ውስጥ፣ ከታናሽ ወንድሜ ከሞላ ጆሮ ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። ይህን ሁሉ የምትጠርግ፣ መሬቱን በእበት የምትለቀልቅ፣ ዕቃውን የምትሰድር ታላቅ እኅታችን ዘነበች ብቻ ነበረች። የእኔና የሞላ ሥራ እሷ የሰደረችውን መበተን ነበር፤ በዚህ በኩል ማንም ሰነፍ ናችሁ አይለንም።

ታዲያ ዘነበችን በቀለ የሚባል ኮርቻ ሠሪ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ እናቴ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በእኔና በሞላ ላይ ቆመችብን።

«ይቺ ልጅ ብትወጣ ይህን ቤት ማን ሊያነሳው ነው? እናንተ? እናንተን ራሳችሁን ከመኝታ የሚያነሳችሁ ሰው ያስፈልጋል! ስሙኝ፤ እናንተን መጥረጊያ ይዛችሁ ካላየሁ ዘነበችን ለማንም አልሰጥም። ቆማ ትቅር!»

ዘነበች አንገቷን ደፍታ ጌሾውን ስትለቅም እንባዋ ቅጠሉ ላይ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ያን ሰሞን በዚያ ጌሾ የተጠመቀውን ጠላ የቀመሰ ሁሉ ያለ ምክንያት ያለቅስ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ።

አባባ ጥላዬ ናቸው ነገሩን በእጃቸው የያዙት። የእናቴ አጎት ሲሆኑ ከእኛው ጋር ይኖሩ ነበር። በጉልምስናቸው የመኳንንት ድንኳን ተካይ ነበሩና፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ ድንኳን ሲዘረጉና ሲያጥፉ ኖረው፣ የተዝረከረከ ነገር ሲያዩ ጥርሳቸውን ያማቸዋል። ጋቢያቸውን ሲያጥፉ ጠርዝ ከጠርዝ ይገጥማል። ሱረታቸውን ስበው ሲያስነጥሱ እንኳ አቅጣጫ መርጠው ነው።

«ልጅ በዱላ አይጠርግም፤ ለእኔ ተዪልኝ» አሏት እናቴን።

ያኔ ማታ ማታ፣ ራት ተበልቶ ምድጃው ላይ የባሕር ዛፉ ፍም ብቻ ሲቀር፣ የኩራዙ ነበልባል በግድግዳው ስንጥቅ በሚገባው ነፋስ እየተንቀጠቀጠ ጥላችንን ጣሪያ ድረስ ሲሰቅለው፣ ጭሱም ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ እኔና ሞላ በአንድ ቁርበት ላይ ተጣብቀን እንቀመጥና አፋቸው እስኪከፈት እንጠብቃለን።

«መጥረጊያ ከበር ኋላ የሚቆመው ለምንድን ነው?» ብለው ጀመሩ አንድ ማታ።

«እንዳይታይ» አልኩ እኔ።

«ሊሰማ ነው እንጂ! መጥረጊያ የቤቱን ገበና ሁሉ ያያል፣ ይሰማል። ሥራ ካለው ይረሳዋል። ሥራ ከፈታ ግን ወሬኛ ይሆናል፤ ሥራ የፈታ ሁሉ እንደዚያው ነው። አንድ ጊዜ የሚጠርግበት ያጣ መጥረጊያ ተቆጣና፣ በአንድ እግሩ እንጣጥ እንጣጥ እያለ አራዳ ገበያ ወጣ። ከድንጋይ ላይ ቆሞ እንደ አዋጅ ነጋሪ፣ ‹ስማ! ያልሰማህ ስማ! በእነ እገሌ አልጋ ሥር ካቻምና የተቆረሰ ዳቦ አለ! ትንሹ ልጃቸውም እስከ ዛሬ መኝታው ላይ ይሸናል!› ብሎ ለፈፈ።»

ሞላ ክው አለ። ለምን ክው እንዳለ ከእሱ ጋር የምተኛው እኔ አውቃለሁ። ቀና ብሎ ከበሩ ኋላ የቆመውን መጥረጊያ በጎሪጥ አየና በማግስቱ ወፍ ሳይንጫጫ ሲጠርግ ተገኘ።

ፍርሃት ግን የአንድ ሰሞን ሥራ ነው፤ ይህን አባባ ጥላዬም ያውቁታል። ስለዚህ ከመጥረጊያው ተረት በኋላ ማባበያውን አስከተሉ። «ደግሞኮ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጅ ቤት ሲጠርግ እንግዳ ይመጣል።»

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በእኛ ቤት ዶሮ የሚታረደው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለን! ቤቱን ጠረግን፣ ግቢውን ጠረግን፣ ዶሮዎቹን ከነጫጩቶቻቸው ጠረግን። አባባ ጥላዬን በቀትር እንቅልፋቸው ከነመደባቸው ጠረግናቸው። ከመጠረጉ ብዛት መሬቱ ወደ ታች እየሰረገደ ሄዶ፣ ለመግባት መዝለል፣ ለመውጣት መሰላል ሳያስፈልግ አልቀረም። እንግዳውም መጣ! ያኔ አራዳ ዘመድ ያለው ባላገር ሁሉ፣ ሙግት ያለው ለሙግቱ፣ ገበያ ያለው ለገበያው እየመጣ ያርፍ እንደነበረ ማን ነገረን? እኛ የጠራናቸው መሰለን። ከሰላሌ መጣሁ የሚል አጥንት ጋጭ ዘመድ በገባ ቁጥር እኔና ሞላ ዓይን ለዓይን ተያይተን በኩራት እናብጥ ነበር።

«ኧረ በቃችሁ፣ ዶሮ አለቀ!» ብላ እናቴ መጥረጊያውን ለመንጠቅ ደርሳ ነበር። ግን ቃሏን ጠበቀች። «ሽማግሎቹ ይምጡ» አለች። ዘነበች ያን ቀን እየዘፈነች ለቀለቀች።

የበቀለ ሽማግሎች ሦስት ሆነው መጡ፤ አፈ ጉባኤው ባላምባራስ ውብነህ ነበሩ። ሰውየው ግዙፍ ከመሆናቸው የተነሳ በቅሏቸው ከእሳቸው ሥር ጆሮዋ ብቻ ይታይ ነበር። ጥቁር ጃንጥላ ይይዛሉ፤ ፀሐይም ዝናብም ሳይኖር ይዘረጉታል። እንደ ወጉ ቆመው ልጃችሁን ለልጃችን አሉ፤ አባባ ጥላዬም እንደ ወጉ፣ «እንመካከር፤ እሑድ ተመለሱ» አሏቸው። በመጀመሪያው ቀን እሺ ማለት ልጅቱን ማርከስ ነውና፣ «ተመለሱ» ማለት ግማሽ እሺ ማለት ነበር። ሁሉም ደስ ብሎት ተለያየ።

እኔና ሞላ ከበሩ ኋላ ሰምተናል።

«እሑድ ሩቅ ነው» አልኩት።

«አሁኑኑ ብንጠርግ ነገ ይመጣሉ» አለ ሞላ። ነገሩ ሲታይ እውነት ነበር።

መጥረጊያችንን ብድግ አድርገን በሽማግሎቹ እግር ተከተልን። የተቀመጡበትን መደብ ጠረግን፣ የቆሙበትን ጠረግን፣ ከግቢው ወጥተን የበቅሏቸውን ኮቴ እየተከተልን ቁልቁል እስከ ድልድዩ ድረስ ጠረግን። ወቅቱ በጋ ነው፤ አቧራው ተነሥቶ ሦስቱንም ዋጣቸው። ከደመናው ውስጥ መጀመሪያ ሳል፣ ቀጥሎ ጃንጥላ፣ በመጨረሻ ባላምባራስ ወጡ። ጥቁር ጢማቸው ዱቄት መስሏል። እኛን አዩ፤ መጥረጊያውን አዩ፤ የጠፋውን ዱካቸውን አዩ።

«አቶ ጥላዬ!» ብለው ሲጮሁ ድምፃቸው እንጦጦ ደርሶ ተመለሰ። «ሬሳ መሰልንህ ወይ? ዱካችንን አስጠረግኸው! አንመለስም! ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አንመለስም!»

ለካስ በመንገደኛ ዱካ ላይ ቤት አይጠረግም! በሄደው ሰው እግር ወዲያው መጥረጊያ የሚነሳው ሬሳ ሲወጣ ብቻ ነው፤ ይህን የማያውቅ ጨዋ የለም። አባባ ጥላዬ የሚጠራውን መጥረጊያ ነግረውን የሚያባርረውን ከሱረታቸው ጋር ውጠውት ኖሯል። ጭንቅላታቸውን ይዘው መደቡ ላይ ሲቀመጡ የዘነበች ለቅሶ ከጓዳ ይሰማ ነበር። በቀለ ደግሞ ያን ቀን ሲሠራው የዋለውን ኮርቻ የኋላውን ወደፊት ሰፋው አሉ። እኔና ሞላ መጥረጊያውን ከበሩ ኋላ አቁመን፣ ወሬ እንዳያወጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርነው።

በማግስቱ አባባ ጥላዬ ነጠላቸውን አደግድገው ባላምባራስን አራዳ ገበያ ውስጥ ያዟቸው፤ ነገር ለመሟገት። ያኔ ሁለት ሰዎች ከተጣሉ አላፊ አግዳሚውን «በሕግ አምላክ» ብለው አቁመው ያስፈርዱታል፤ የተያዘው ሰው እምቢ ማለት አይችልም። የቆመላቸው ዶሮዎች በዘንግ ላይ ቁልቁል አንጠልጥሎ የሚሮጥ ነጋዴ ነበር። እኛም ተከትለን ሄደን በሰው እግር መካከል ሾልከን ቆምን።

«ተጠየቅ!» አሉ አባባ ጥላዬ ዱላቸውን እየወዘወዙ።

«ልጠየቅ!» አሉ ባላምባራስ።

«ልጅ ሲጠርግ እንግዳ ይመጣል ወይስ አይመጣም?»

«ይመጣል።»

«የጠረጉትስ ልጆች ናቸው ወይስ አይደሉም?»

«ሰይጣኖች ናቸው! ደግሞስ በዱካዬ ላይ ነው የጠረጉት! በሄደ ሰው ላይ የሚጠረገው ሲቀበር ነው፤ እኔ ደግሞ እንደምታየኝ አልተቀበርኩም!»

«እንዲመለሱ ብለው ነው የጠረጉት!»

«እንድንጠፋ!»

ሕዝቡ ግማሹ ለአንዱ፣ ግማሹ ለሌላው ያጨበጭባል። ዶሮ ነጋዴው ዶሮዎቹ በፀሐይ ምላሳቸውን ሲያወጡ አይቶ ጮኸ። «ጌቶቼ፣ ነገ ልጆቹ ይጥረጉ! የቀትር መድፍ ሳይተኮስ እንግዳ ከመጣ መጥረጊያቸው ይጠራል፤ ካልመጣ ያባርራል። ፈርጃለሁ! ልቀቁኝ!»

«ተስማምቻለሁ» አሉ ባላምባራስ፤ «ግን ይህ ሽማግሌ ዘመዱን በጓሮ እንዳያስገባብኝ፣ ነገ ደጁ ላይ እኔው እቆማለሁ።»

በማግስቱ እናቴ ከማለዳ ድስቷን ጣደች። የታረደችው ያቺ ከአልጋ ሥር የወጣችው ዶሮ ነበረች። እኔና ሞላ መጥረግ ጀመርን፤ ዘነበችም ጓዳ ሆና ትጸልያለች። ያን ሰሞን እንግዳ ያልመጣበት ቀን አልነበረም፤ ያን ቀን ግን አንድ ነፍስ ዝር አላለም! ከሩቅ የሚመጣው ሁሉ ባላምባራስ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ደጅ ላይ እንደ ዋርካ ተተክለው ሲያይ፣ «እዚህ ቤት ነገር አለ» እያለ ይመለሳል። ያ የሰላሌው ዘመዳችን እንኳ የወጡን ሽታ እያሸተተ፣ እያለቀሰ ተመለሰ።

ረፋዱ ላይ ያልታሰበ የበልግ ዝናብ ወረደ። ነፋሱ ጃንጥላውን ገልብጦ ነጠቀና ወንዝ ጨመረው። ባላምባራስ ግን ንቅንቅ አላሉም፤ ውሃው በጢማቸው እንደ አሸንዳ ይወርዳል።

«ኧረ በሞቴ ይግቡ!» አለች እናቴ ከበሩ ሆና። «ጠላት እንኳ ዝናብ ላይ አይቆምም!»

«አልገባም! እጠብቃለሁ!»

«ከውስጥ ሆነው ይጠብቁ!»

ይህ ልክ መሰላቸውና ገቡ። ዘነበች እንደ ደንቡ ውሃ አሙቃ፣ ጎንበስ ብላ ጭቃ የበላውን እግራቸውን አጠበች። እናቴ ጋቢ አለበሰቻቸው፤ ወጡ ቀረበ። እሳቸውም አንድ ጆሮ ወደ ደጅ አድርገው፣ ዓይናቸውን ከበሩ ሳይነቅሉ እየጎረሱ ይጠብቁ ጀመር። አጠባበቃቸው መሶቡን የሚያጋምስ ነበር። እኔና ሞላ ተስፋችን ስላለቀ ጥግ ላይ አንድ ቦታ ደጋግመን እንጠርጋለን።

መድፉ ተተኮሰ።

«ይኸው!» አሉ ባላምባራስ የዶሮዋን ፈረሰኛ ወደ ላይ አንስተው። «የታለ እንግዳው? አንድ ሰው አልመጣም! ተረታችሁ!»

ዘነበች ማስታጠቢያውን እንደያዘች ፊቷ አመድ መሰለ። አባባ ጥላዬ ሱረታቸውን ሊስቡ ከፍተው ረሱት። ያኔ ሞላ ከቁመቱ የሚረዝመውን መጥረጊያ ተደግፎ ባላምባራስን ትክ ብሎ አያቸው።

«ታዲያ እርስዎን እግርዎን ለምን አጠበችዎት? እኔን አጥባኝ አታውቅም።»

የባላምባራስ እጅ አየር ላይ ቀረ። እግራቸውን አዩ፤ የለበሱትን የሰው ጋቢ አዩ፤ የጋጡትን አጥንት አዩ። ከዚያ ከሆዳቸው ስር አንድ ነገር ይንጎራጎር ጀመር። ቁጣ መስሎን እኔ ከአልጋ ሥር ልገባ ስል፣ ሳቅ ሆኖ ወጣ። ሳቁ ጣሪያው ላይ የነበረውን የዓመታት ጥላሸት አራግፎ በወጡ ላይ አዘነበው፤ እኛም እንደገና መጥረግ ግድ ሆነብን።

«አቶ ጥላዬ፣ ተረታሁ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «እሑድ እንመለሳለን።»

ሲወጡ ደጅ ላይ ቆም ብለው ዞር አሉ። «መጥረጊያው የታለ?» እናቴ ተቀምጣበት ነበር።

ዘነበች በመጪው ጥር ተዳረች። በሠርጓ ቀን፣ ሙሽራዋን ይዘው እየዘፈኑ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ቤቱ ቄጠማና አጥንት፣ የተሰበረ ብርሌና የወደቀ አበባ ሞልቶበት ነበር። ማንም ሳይነግረን እኔና ሞላ መጥረጊያውን ደበቅነው። ያን ቀን፣ በዚያ ሁሉ ዝርክርክ መሐል፣ እናቴ እያለቀሰች ተቀመጠች፤ አንዲት ስባሪ እንኳ አላነሳንም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ግን ሁለታችንም ተነሥተን ጠረግን፤ ለቀለቅን፤ የእሷን ዕቃ እሷ እንደምትሰድረው ሰደርነው። ሙሽሮች ለመልስ ሲመጡ፣ ወጉ ስለሆነ እንደመጡ አባባ ጥላዬ ያውቁ ነበር። እኛን ግን ‹ጠርገን አመጣናቸው› እንዳልን ተዉን።

ዛሬ እኔም ሸምግዬ፣ ጥርሴን ጨርሼ ውሸቴን ሳልጨርስ፣ የናፈቀኝ ሰው ሲኖር የልጅ ልጆቼን ጠርቼ መጥረጊያ እሰጣቸዋለሁ። አንዳንዴ ሰውየው ይመጣል። አንዳንዴ፣ በተለይ ዘነበችን ስጠብቃት፣ ከሄደችበት የሚመለስ እንደሌለ አውቃለሁና፣ አይመጣም። ያኔም ቢሆን ግን ደጄ ጠርቶ፣ መደቤ ተጠርጎ ያመሻል፤ እኔም እግሩ የሚታጠብለት አንድ ሰው ብቅ ቢል እያልኩ በሩን አልዘጋም።