መዓዛ የዝናቡን ቁልፍ ስታውስ

መዓዛ የጎረቤቴ የቀለመ ወርቅ ልጅ ናት። አርብ ገበያ ተወልዳ፣ ንፋስ መውጫ ተምራ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒዩተር አጠናች። ጎበዝ ናት። አንድ ነገር ግን አልታደለችም፤ እምቢ ማለት አታውቅም። ማጭድ ያዋሰችው ሰው ሳይመልስ ለሌላው የአባቷን ጠፍር ታውሳለች። ቀለመ ወርቅ "ይቺ ልጅ ቤቴን ነቅላ ትሰጥብኛለች" እያለ ነው ያሳደጋት።

ለመመረቂያዋ፣ ገበሬ በስልክ ሲደውል ነገ ዝናብ ይጥል እንደሆነ በአማርኛ የሚነግረው ፕሮግራም ሠራች። ትንበያው የሚመጣው ከውጭ አገር ድርጅት ነው። ክላውድ የሚሉት፣ ሩቅ ሆኖ በኢንተርኔት የሚታዘዝ ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጧል። ፕሮግራሟ ገብቶ የሚጠይቅበትን በር ኤፒአይ ይሉታል። ድርጅቱ ለእያንዳንዱ ጠያቂ የምስጢር ቁልፍ ይሰጣል፤ ቁልፉ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። በአንድ ቁልፍ በቀን የሚጠየቀው የተወሰነ ነው። ለሌላ ሰው እንዳትሰጡ ብሎም ጽፏል።

እሷ ሰጠች። መጀመሪያ የሰጠችው አብሯት ለሚማረው ለክንዱ ነው፤ የስማዳ ልጅ ነው። ክንዱ ለጓደኞቹ አደለ። ከነሱ አንዱ ሥራውን ከነቁልፉ ዓለም ሁሉ በሚያየው ድረ ገጽ ላይ ለጠፈው። የማያውቋት ሰዎች ሁሉ በስሟ ዝናብ ይጠይቁ ጀመር። ሥራዋን ለመምህራን በምታቀርብበት ዕለት ድርጅቱ ቁልፉን ዘጋው፤ ፕሮግራሙ ዝም አለ። መምህሯ መሕቡብ አንድ ሳምንት ሰጧት። ያን ጊዜም ካልሠራ ምረቃው ለከርሞ ነው።

አባቷ ይህን ሲሰማ እየሮጠ እኔ ዘንድ መጣ።

"ተነሣ ተክለ ማርያም፣ ሽማግሌ እንላክ።"

"ወደ ማን?"

"ወደ ድርጅቱ ነዋ! ባለቤት የለውም?"

ደወልኩላት።

"አያ ተክሌ፣ የሚመልስልኝ ማሽን ነው" አለችኝ።

"ማሽን ይማለዳል?"

"አይማለድም።"

"ታዲያ ለምን ሰጠሽ?"

"ለመነኛ! አንድ በሬ ያለው ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጅ የለም እንዴ?"

"የተቀናጀ በሬ የት እንደዋለ ይታወቃል! ያንቺው ማንም በማያውቀው አገር እያረሰ ነው!" ብዬ ዘጋሁባት።

ለድርጅቱ ጻፈች፤ ደግማ ጻፈች። ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል አሮጌውን ቁልፍ ሽረው አዲስ ሰጧት። ሁለተኛ ከተደገመ ይቅርታ የለም የሚል ማስጠንቀቂያም አከሉበት።

ሥራዋን ስታቀርብ ቀለመ ወርቅና እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ነበር። ፕሮግራሙ ሠራ፤ የታች ጋይንትን ዝናብ ጥርት ባለ አማርኛ ተናገረ። መምህር መሕቡብ ግን አልረኩም።

"ክንዱ፣ ተነሥ። አዲሱን ቁልፍ ለምናት።"

ልጁ አፈረ። "መዓዚ፣ በእናትሽ... የኔም ማቅረቢያ ነገ ነው።"

"እምቢ በይው" አሏት መምህሩ። "ፈተናሽ ይኸው ነው።"

አንገቷን ደፋች። ቀለመ ወርቅ በጆሮዬ "ወደቀች" አለኝ። እኔማ "እምቢ በይ፣ አንቺ!" ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

"ቁልፉን አልሰጥህም" አለች በመጨረሻ። "ጥያቄህን ግን ወደ እኔ ፕሮግራም ላከው። እኔ ጠይቄ መልሱን እልክልሃለሁ። በሬውን አላውስህም፤ መጥቼ አርስልሃለሁ።"

መምህር መሕቡብ ሳቁ። "ደንበኛው አሠራር ይኸው ነው፤ ቁልፉ ከቤት አይወጣም" አሉና አሳለፏት።

እኔ አልሳቅሁም። ደጅ ስንወጣ የክፍሏ ልጆች ከበዋት "ለኔስ? ለኔስ?" ይሏታል።

"እሺ፣ ለሁላችሁም ይደርሳል! ጠዋት አንዴ ጠይቄ አስቀምጠዋለሁ፤ ከዚያ ትካፈላላችሁ" ትላለች።

ምሳ ልንጋብዛት ቆመን ጠበቅን። ብንጠብቅ፣ ብንጠብቅ አትመጣም። ቀለመ ወርቅ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣለና "በል እንሂድ" አለኝ። "ይቺ የሰው ማሳ ስታርስ ሊመሽባት ነው።"