አመድ ውስጥ የቀረው ዶቃ

አጎቴ ከተለዩን ዓመት ሊሞላ ነው። ጂንካ ውስጥ ያወቃቸው ሁሉ የሚያነሳው የዶቃቸውን ውበት ነው፤ እኔን የማትለቀኝ ግን አንዲት ቃላቸው ናት።

የተሰበረ ጠርሙስ አቅልጠው ሽቦ ላይ የጠቀለሉትን ዶቃ፣ አመድ በሞላ ማሰሮ ውስጥ ይቀብሩት ነበር፤ ቀስ ብሎ ካልቀዘቀዘ ይሰነጠቃል። ለማየት ስንጣደፍ ማሰሮውን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው «ገና ነው» ይሉን ነበር። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ሳያዩኝ አንዱን አወጣሁ፤ አረንጓዴው ዶቃ መዳፌ ላይ ለሁለት ተከፈለ። አልተቆጡኝም። ስባሪውን ወደ እሳቱ መልሰው፣ «ገና ነበር» አሉ።

ለዲመካ ገበያ የሠሩትን የመጨረሻ ዶቃ ቀብረው ጋደም እንዳሉ አልተነሱም። ማሰሮው እስካሁን ከበርጩማቸው አጠገብ አለ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ከአመዱ ውስጥ አንድ ነገር ሲሰነጠቅ የምሰማ ይመስለኛል።

ባለፈው ሳምንት ታናሽ እህታቸው የሆነችው እናቴ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ኧረ አውጪው! የወንድሜ እጅ ሥራ አመድ ውስጥ ይቅር?»

ማሰሮውን በመዳፌ ዳሰስኩት። ከቀዘቀዘ ቆይቷል።

«ገና ነው» አልኳት።

እናቴ እኔን አላየችም። ዞር ብላ ባዶውን በርጩማ አየች።