አንድ ወስደህ አንድ ተካ

ጋይንት ተወልዶ፣ ጋይንት አድጎ፣ ወደ ጠበል በሚወስድ መንገድ ዳር ሚዶና መስተዋት በቆርቆሮ ሣጥን ዘግቶ ከቋጥኝ ሥር የሚሸሽግ፣ ከዚያም «ጨዋታ ነው» የሚል ሰው ቢፈለግ ሙላው ነበር። ዲፕሎማ አለውና አይፈረድበትም። ዲፕሎማ አንዳንዱን ሰው ያነቃዋል፤ አንዳንዱን ደግሞ የተወለደበትን አገር ካርታ ብቻ አድርጎ ያሳየዋል።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሁለት ግድም ነው። ሙላው ንፋስ መውጫ ቤት ተከራይቶ፣ የገበሬውን ማሳ በጂፒኤስ እየለካ ይተዳደር ነበር። መዳፍ የምትሞላ መሣሪያ ይዞ ከገብሱ መሀል ይቆማል። መሣሪያዋ ሰማይ ላይ ካሉ ሳተላይቶች ጋር ተማክራ «የቆምህበት ይህ ነው» ስትለው፣ እታች «ድንበሬን ገፋኝ»፣ «አልገፋሁትም»፣ «አባቱም ገፊ ነበር» ይባላል። ሙላው ይህን ሲሰማ ይውልና ሲመሽ ነፍሱ ትደርቃለች።

ጨዋታውን ያስተማረው የመንገድ ሥራ ይዞ የመጣ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ነው። በነሱ አገር ሰው ትንሽ ትንሽ ዕቃ በሣጥን አድርጎ ጫካ ውስጥ ይደብቃል፤ የቦታውን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ይለጥፋል። ፈላጊው ቁጥሩን እየተከተለ በእግሩ ይሄዳል፣ ያገኛል፣ ስሙን እውስጡ ባለው ወረቀት ይጽፋል። ከዕቃው አንድ ይወስዳል፣ በምትኩ ከራሱ አንድ ይተካል፣ ሣጥኑን እንደነበረ ሸሽጎ ይሄዳል።

«ሽልማቱስ?» አለ ሙላው።

«ማግኘቱ» አለው ፈረንጁ።

ሙላው ሳቀበት። ብዙም ሳይቆይ ግን ገበያ ወጥቶ ከደርግ ጦር የተረፈ የጥይት ሣጥን ሲመርጥ ታየ። ይህ ሣጥን አገሩን ሞልቶታል፤ አንዱ ቤት ጨው፣ ሌላው ቤት ምስማር ይቀመጥበታል። ሙላው ሚዶ፣ መስተዋት፣ የዛገ ቁልፍ፣ ብይ፣ እርሳስና ባዶ ወረቀት እያደረገ ልኬት በላከው አገር ሁሉ ከድንጋይ ሥር ያስቀምጥ ጀመር። አንዱን በትውልድ ደብሩ በሸንበቆ ሚካኤል፣ ሌሎቹን ከአርብ ገበያ ማዶ፣ የመጨረሻውን ስማዳ ውስጥ የበሽሎን ወንዝ ቁልቁል ከሚያይ ገደል አፍ ላይ አኖረ። ቁጥሮቹን ንፋስ መውጫ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጦ፣ መብራት እየሄደ እየመጣ፣ ለዓለም ሕዝብ አሳወቀ። የዓለም ሕዝብ አልመጣም። ሕጉ ባለቤቱ በራሱ ሣጥን ስሙን እንዳይጽፍ ስለሚከለክል ወረቀቶቹ ባዷቸውን ቀሩ።

እውነቱን ለመናገር ግን ሰውየው ደስ ብሎት ነበር። ድንበር ሳይሆን ዳገት የሚያይበት ምክንያት አገኘ። ከጉና የሚመጣው ንፋስ ጆሮውን እየላጠው፣ ማንም ያላዘዘውን መንገድ ይሄድ ነበር።

በሸንበቆ ሚካኤል ሣጥኑን ከቋጥኙ ሥር ሲገፋ የኔታ ወልደ ገብርኤል ደረሱበት። የኔታ የእስቴ ሰው ናቸው። እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው፣ ለዚህ ደብር መሪጌታ ሆነው መጥተው፣ ያለ ዘመድ አርጅተዋል።

«አንተ ሙላው፣ እዚያ ምን ትቀብራለህ?»

«አልቀብርም የኔታ። እሸሽጋለሁ።»

«በል ልዩነቱን አስረዳኛ።»

አስረዳቸው። የኔታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መቋሚያቸው እስኪወድቅ ሳቁ። «ይኸማ የኛ ሥራ ነው፤ እኛ ወርቁን ከቃል ሥር፣ እናንተ ዕቃውን ከድንጋይ ሥር። ሌሎቹስ የት የት አሉ?»

ሙላው የሚጠይቀው ሰው ናፍቆት ነበርና ቋጥኙን በቋጥኝ፣ ዛፉን በዛፍ ነገራቸው። ድጓን በሙሉ በራሳቸው የተሸከሙ ሰው ይህን ለመያዝ አልተቸገሩም።

«አንድ ወስደህ አንድ ተካ አልህ?»

«አዎ የኔታ።»

«ወስዶ የማይተካስ?»

«ጨዋታውን ያበላሻል።»

«እሱስ ደግ ሕግ ነው።» ተነሡና የመቋሚያቸውን አቧራ አራገፉ። «ይህን ቦታ ግን ለውጠው፣ ልጄ። የጠበል መንገድ ነው። ሴቶቹ ያገኙት እንደሆነ ጨዋታ ነው አይሉትም።»

«እሺ የኔታ። ነገ አነሣዋለሁ።»

አላነሣውም። ሙላው የነገ ሰው ነው።

ያገኘችው አሰለፈች ናት፤ ከደብሩ ግርጌ የምትኖር፣ አንዲት ሴት ልጅ ያለቻት። ጠበል ስትወርድ የሣጥኑን ጥግ አይታ ሳበችው፣ ከፈተችው፣ ሚዶው አማራትና ወሰደችው። ምትክ አላስቀመጠችም፤ ማን ነግሯት። በዚያ ሚዶ የልጇን የጽዮንን ጠጉር አበጠረችላት። በሳምንቱ ጽዮን በትኩሳት ነደደች፣ አንገቷ ደረቀ፣ የማይጨበጥ ነገር ታወራ ጀመር። አሰለፈች ሚዶውን ከየት እንዳገኘች ለነፍስ አባቷ ሮጣ ተናገረች። ጎረቤት ወጣ፤ በእጅ የሚነካው ጠፍቶ ሣጥኑን በመንሽ ጎትተው ሜዳ ላይ አወጡት።

መስተዋት፣ ቁልፍ፣ ብይ፣ እርሳስ። ሁሉም አስፈራ፤ ከሁሉ የባሰው ግን ባዶው ወረቀት ነው። የተጻፈ ድግምት ቢሆን ይነበባል፣ ይፈታል። ያልተጻፈው የማንን ስም እንደሚጠብቅ በምን ይታወቃል?

አውጫጭኝ ተጠራ። ጥፋተኛው እስኪወጣ የደብሩ ወንድ ሁሉ ከግራሩ ሥር ይቀመጣል፤ ሥራ የለም፣ ቤት የለም። ሙላውም የደብሩ ልጅ ነውና ከንፋስ መውጫ መጥቶ ተቀመጠ። የሚመሩት አቶ ካሳ፣ አስታራቂነታቸው የታወቀ ሽማግሌ ናቸው።

«ያየ፣ የሰማ፣ የጠረጠረ ይናገር» አሉ። «መተቱን ያስቀመጠ ራሱ ከወጣ እንምረዋለን። ሌላ ሰው ካወጣው ግን አገር ያጣል።»

ሰው እየተነሣ ይምላል፣ ይቀመጣል። ሙላው የሚለውን አዘጋጅቶ ነበር፤ አጭርና ጥሩ ነገር ነበር። «ሣጥኑ የኔ ነው፣ ጨዋታ ነው፣ ይቅርታ» ይላል። ብድግ ሲል ግን የመሥሪያ ቤት መሣሪያ ለጨዋታ ማዋሉ ታወሰው፤ የአሰለፈች ዓይንም ታየው። ይህን መሰሉን ሰው ድሮ በየበራሪው ወረቀት ላይ «ወላዋይ ንዑስ ከበርቴ» እያልን ስናብጠለጥለው፣ መልኩ እንዲህ ያሳዝናል ብሎ የነገረን አልነበረም።

«አላየሁም። አልሰማሁም» አለና ተቀመጠ።

ወረፋው የኔታ ዘንድ ደረሰ። በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ።

«አይቻለሁ። የማን እንደሆነም አውቃለሁ። ግን መተት አይደለም።»

«ማን ነው የኔታ? ይጥሩት» አሉ አቶ ካሳ።

«እዚህ ተቀምጧል። አፍ አለው። እኔ ስም ጠርቼ ሰው አላስበላም። ራሱ ይናገር፤ እጠብቀዋለሁ።»

ሰው ሁሉ ጎረቤቱን አየ። ሙላው ጫማውን አየ። የኔታ ቆመው ጠበቁ። አንድም ጊዜ ወደ እሱ አልዞሩም፤ ቢዞሩ ይሻለው ነበር። ቆይቶ ከኋላ በኩል አንዱ «ራሱን እንዴት አድርጎ ይጥራ?» አለ፤ አንዳንዱም በአፍንጫው ሳቀ።

ነገሩ በዚያው አለቀ። ሰውየው ደብተራ ናቸው፣ መጻተኛ ናቸው፣ ብቻቸውን ያድራሉ፣ ሣጥኑንም አውቃለሁ ብለዋል። ዓመቱን ሙሉ ማኅሌታቸውን ሲሰማ የኖረው ሕዝብ አሁን ድምፃቸው ድሮም ያስፈራው እንደነበር ትዝ አለው። ደብሩን እንዲለቁ ተፈረደ።

ሙላው «ነገ ሄጄ እናገራለሁ» አለ። በነገታው የየኔታ ጎጆ በር ክፍት ነበር። መጻሕፍታቸውን በትከሻቸው አንግተው በአርብ ገበያ መንገድ ወርደዋል።

ጽዮንን በቃሬዛ ንፋስ መውጫ አድርሰዋት ነበር፤ መርፌ ተወጋች፣ ዳነች። ሰፊው ሕዝብ መርፌውን አላየም። ያየው የኔታ በሄዱ ማግሥት ልጅቱ ውሃ መጠየቋን ነው። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያሻል?

ሙላው ወደ ሥራው ተመለሰ። ከማሳው መሀል ቆሞ መሣሪያዋን ሲከፍት «የቆምህበት ይህ ነው» ማለቷ አልቀረም፤ እሱ የሚሰማው ግን «እዚህ ተቀምጧል። አፍ አለው» የሚል ነበር። ገበሬው «ድንበሬ እስከየት ነው?» ሲለው ዘሎ ይደነግጣል። በመጨረሻ የቀሩትን ሣጥኖች ለቅሞ ጨዋታውን ሊያጠፋ ተነሣ።

ከአርብ ገበያ ማዶ ያለውን የመጀመሪያውን ከፈተ። እርሳሱ የለም። በቦታው ግማሹ የነደደ ጧፍ ተቀምጧል። ጧፉን ይዞ ቁጭ አለ። ያ ሁሉ ዘመን ማንም አልመጣም ነበር።

ሁለተኛውን ለማየት ሮጠ ማለት ይቀላል። ቁልፉ ተወስዷል፤ በምትኩ የመቃ ብዕር። ሦስተኛው ውስጥ መስተዋቱ የለም፤ የደረቀ የቀለም ቀንድ ተተክቷል። ሽማግሌው ያለ ሳተላይት፣ ሙላው ራሱ በኩራት በነገራቸው ምልክት ብቻ፣ ከቋጥኝ ቋጥኝ ሄደዋል። አንድ እየወሰዱ፣ አንድ እየተኩ። የሚተኩት ደግሞ እንጀራቸውን ነው፤ ብዕርና ቀለም የሰጠ መሪጌታ ምን ቀረው?

ሙላው ግን ደስ አለው። እየጠሩኝ ነው አለ። ስማዳ እደርስባቸዋለሁ፣ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ፣ መጻሕፍታቸውን ተሸክሜ እመልሳቸዋለሁ። በዚያ መንገድ እንደዚያን ቀን ቀጥ ብሎ ሄዶ አያውቅም።

የመጨረሻው ሣጥን ከገደሉ አፍ እንደነበረ ነው። ከፈተው። ሚዶ፣ መስተዋት፣ ቁልፍ፣ ብይ፣ እርሳስ፣ ባዶ ወረቀት። ምንም አልተነካም። ዕቃውን ሜዳ ላይ ዘርግፎ ባዶውን ሣጥን በእጁ ዳበሰው። እንደገና ዳበሰው። በሽሎ ከታች ዝም ብሎ ይሄዳል። የተነኩት ሣጥኖች አስፈርተውት ነበር፤ ያልተነካው ግን ከነሱ ባሰ።

በአቅራቢያው ካለች ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አንዲት ሴት እንጨት ስትሰብር አገኘ። ተሾመች ትባላለች።

«ሽማግሌ መሪጌታ በዚህ አላለፉም?»

«መጥተው ነበር። አላለፉም» አለችው። «ከዚያ ከወይራው ሥር ትንሽ ልረፍ ብለው አረፉ። ስንቀሰቅሳቸው የሉም። ዘመድ ነህ?»

«የያዙት ነገር ነበር?»

«መጻሕፍቱን ቄሶቹ አነሧቸው። እጃቸው ላይ ግን መስተዋት፣ ቁልፍና እርሳስ ነበር። የቄስ ዕቃ አይደለ፣ ምን እናድርገው፤ አብረን ቀበርነው።»

መቃብሩን አሳየችው። ድንጋዩ ገና አልተጋጠመም። ሙላው ከራስጌው ቆመ። መሣሪያዋ በእጁ ነበረችና እንደ ልማዷ ቦታውን መዘገበች፤ ድምፅ አሰማችና ዝም አለች።

በተከታዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከግራሩ ሥር ቆመ። ጧፉን፣ ብዕሩን፣ ቀንዱን ከአቶ ካሳ ፊት አኖረ።

«ሣጥኑ የኔ ነው። ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ። የኔታ ምንም አላደረጉም። ሞተዋል።»

ሁሉንም ተናገረ፤ ፈረንጁን፣ ቁጥሩን፣ ሕጉን፣ ዝም ማለቱን። እንደዚያ አሳምሮ የተናገረበት ቀን የለም። አሰለፈች የጽዮንን ዓይን በነጠላዋ ሸፈነች። አቶ ካሳ አልተቆጡም፤ ጎንበስ ብለው ትከሻውን ያዙት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ልጄ እንዲህ የሚያናግርህ?»

«ማንም አያናግረኝም አባባ ካሳ። እኔ ነኝ።»

«ሞቶም አልለቀቀው» አለ አንዱ። «የሟች ቀንድ በእጁ ይዞ ዞረ እኮ። ድሮም ያ ሰውዬ አብሮት ድንጋይ ላይ ሲስቅ አይቻለሁ።»

በርኅራኄ ያዙት። ይህ ነው የሚከፋው፤ ሁሉም ያዝኑለት ነበር። ያን ቋጥኝ አሳልፈው ጠበል አወረዱት፣ ሸሚዙን አወለቁለት። ውሃው ከዓለት የሚወጣ በረዶ ነው። አጥማቂው መስቀሉን ግንባሩ ላይ ጫነ።

«ማን ነህ? ማን ላከህ?»

«ሙላው ነኝ። ማንም አልላከኝም።»

«ይዋሻል። ጨምርበት።»

ተጨመረ። ተጠየቀ። ሙላው ነኝ አለ። ተጨመረ። ጥርሱ ሲንገጫገጭ ስሙ ራሱ አልወጣ አለው። ማዶ ሴቶቹ እልል ለማለት አፋቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። አቶ ካሳ ጋቢ ዘርግተው ቆመዋል፤ አንዲት ቃል ከተናገረ ያለብሱታል። ቃሏንም ሁሉም ያውቃታል፣ እሱም ያውቃታል።

«ማን ላከህ?»

«ወልደ ገብርኤል» አለ ሙላው። «ወልደ ገብርኤል ላከኝ። ወጣሁ።»

እልልታው ከገደል ገደል ሄደ። ጋቢውን አለበሱት።

ሙላው ዛሬም መሬት ይለካል። ጤነኛ ነው፤ ሸንበቆ ሚካኤል ሲመጣ ሰው ወንበር ይለቅለታል። በዓመት አንድ ጊዜ ስማዳ ይወርዳል። መሣሪያዋ «ደርሰሃል» ስትለው ከወይራው ሥር ከድንጋዩ ራስጌ አንድ ነገር ያስቀምጣል፤ አንዴ እርሳስ፣ አንዴ ጧፍ። ከዚያ በሕጉ የሚወስደውን ለማግኘት እጁን ይዘረጋል። እሱ ራሱ ካስቀመጠው በቀር የሚወሰድ ነገር ስለሌለ እጁን እንደዘረጋ ይቆይና፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተነሥቶ ይሄዳል።