ድንኮቹ የሚጮኹባት ቃል

ይህን ለነስሩ አልነገርኩትም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ከሦስት አሮጊቶች በቀር ከአፌ የሰማው ሰው የለም፤ እነሱም ሳልነግራቸው ያወቁት ነገር ነበር። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ። ድንኮቹ የሚናገሩትን ቋንቋ የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም። ሰረቅሁት። ከሰረቅሁትም ውስጥ አንዲቷን ቃል ያነሣሁት ከእናቴ መቃብር ላይ ነው።

ጌሙን የማታውቁ ትኖራላችሁ። ነስሩ የቡታጅራ ልጅ ነው። ወልቂጤ አብረን ተምረን፣ አብረን ሥራ ፈትተን፣ በመጨረሻ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን የስልክ ጌም መሥራት ጀመርን። በጌማችን ጺማቸው ጉልበታቸው የሚደርስ ድንኮች ተራራ ሥር ይኖራሉ፤ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ወርቅ ይቆፍራሉ፣ ዘንዶ ይዋጋሉ። እሱ ይሥላል፣ ኮዱንም ይጽፋል። ታሪኩና ንግግሩ የእኔ ነው። ድንኮቹ አማርኛ ሲናገሩ አሳቁን፤ እንግሊዝኛ ሲናገሩ ደግሞ የሰው አገር ሰው ሆኑብን። የራሳቸው ቋንቋ ይኑራቸው ተባባልንና መፍጠሩ ለእኔ ደረሰኝ።

ሞከርኩ፤ እግዜር ያያል። የፈጠርኩት ሁሉ ግን የበሽተኛ ማቃሰት ይመስል ነበር። ነስሩ እየሰማ፣ ወላሂ ብርቄ እነዚህ ሰዎች ሆዳቸውን ነው እንዴ የሚያማቸው እያለ ይስቅብኛል። እኔ ደግሞ ሲሳቅብኝ አልወድም። አልወድም ብቻ ሳይሆን አልችልም። አንድ ቀን በንዴት መሃል አንዲት ቃል ከአፌ አመለጠችኝ፤ ነስሩ ሳቁን አቆመና ይቺ ናት አለ። ከየት እንዳመጣኋት አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ከዚያ በኋላ ሌሎቹን ቃላት ተራ በተራ አወጣኋቸው።

ከየት ነበር ያወጣኋቸው? በጉራጌ ገጠር፣ ቸሃ ውስጥ፣ እናቴና እህቷ ትብለጥ ልጃገረድ ሳሉ አብረው የገቡበት የሴቶች ማኅበር ነበር። ማኅበሩ የራሱ አነጋገር አለው፤ ወንድ አይሰማውም፣ ያልገባች ሴትም አትናገረውም። እነሱ የሚናገሩት እንሰት ሲፍቁ ነው፤ ሴቶች ጓሮ ተሰብስበው ሲፍቁ ወንድ እዚያ ድርሽ አይልም። እኔ ግን ሕፃን ነበርኩ፣ ሕፃን ደግሞ አይቆጠርም። እናቴ እግር ሥር ተቀምጬ አንድ በአንድ ለቀምኩት። ለአቅመ ሔዋን ስደርስ ማኅበሩ የሚገባበት ልጅ አጥቶ ነበር፤ ሁላችንም ትምህርት ቤት ነበርን። እናቴ ስትሞት ትብለጥና ጓደኞቿ መቃብሩ አፍ ላይ ቆመው አንዲት ቃል አሏት። የማኅበሩ ሴት ስትሸኝ ካልሆነ በቀር የማትባል ቃል ናት። አፈሩ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ፣ ልጇ፣ ያቺን ቃል ወስጄ ወርቅ ላገኘ ጺማም ድንክ ሰጠሁት።

ማን ያውቅብኛል አልኩ። ወንዶቹ ሰምተው አያውቁም፣ የሚያውቁት አሮጊቶችም ስልክ አይነኩም። ደግሞስ ማን ተጎዳ? ሊጠፋ የደረሰ ነገር አይደለም ወይ? ሌባ ራሱን የሚያባብልበት ምክንያት አጥቶ ያውቃል?

ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ጌሙ ሲወጣ ልጁ ሁሉ አበደለት። የጉብሬ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቴሌግራም ላይ ተሰብስበው የቃላቱን ትርጉም ይከራከሩ ጀመር። አንዱ ይህ የመዶሻ ስም ነው ሲል ሌላው የለም የንጉሡ እናት ናት ይላል። እኔ እንደ ሊቅ ዘግይቼ እገባና እፈርዳለሁ። ለቃሉ ሁሉ ያሻኝን ትርጉም ሰጠሁ፤ እውነተኛውን አንድም ጊዜ አልሰጠሁም። ያቺን የመቃብሯን ቃል ወርቅ አገኘን ማለት ናት አልኳቸው። የወልቂጤ ባጃጅ ነጂዎች ተሳፋሪ ሲሞላላቸው ይጮኹባት ጀመር። ውድድር ገብተን አንደኛ ወጣን። መድረክ ላይ ቋንቋውን ከየት አመጣሽው ብለው ሲጠይቁኝ ጣቴን ግንባሬ ላይ አድርጌ «ከዚህ» አልኩ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበልኝ፤ እኔም ዝቅ ብዬ እጅ ነሣሁ።

የረሳሁት መስቀልን ነው። መስቀል ሲመጣ ጉራጌ ካለበት ተነሥቶ አገሩ ይገባል፤ ልጆቹም ስልካቸውን ይዘው ይገባሉ። ትብለጥ ቤት አዲስ አበባ ያለው፣ ቡታጅራ ያለው፣ ሁሉም ተሰብስቧል። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናትና አዶቴ እላታለሁ፤ በእኛ ቤት እናቴ ማለት ነው። አዶቴ ቆጮ ትቆርጣለች። ከቡታጅራ የመጣችው የወንድሜ ልጅ ራኬብ ምንጣፉ ላይ ተንጋልላ ትጫወታለች። ድንኩ ወርቅ አገኘና ቃሏን ጮኸ። ራኬብም አብራው ጮኸች፤ የተቀሩት ልጆችም እየሳቁ ተቀበሏት።

ቢላዋው ቆመ። አዶቴ ልጅቷን በቀስታ ምን ማለት ናት ብላ ጠየቀቻት። ራኬብም ወርቅ አገኘን ማለት እንደሆነና የፈጠርኳት እኔ እንደሆንኩ እየኮራችብኝ ነገረቻት። አዶቴ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ነሽ የፈጠርሻት?»

እናቴን በዚያች ቃል የሸኘች ሴት ናት የጠየቀችኝ። ቤቱ ሙሉ ዘመድ ያየኛል፤ ወንድሜ ሽልማቴን ሲያወራ ነው የዋለው።

«አዎ አዶቴ፣ እኔ ነኝ።»

«ጎበዝ» አለችኝ፤ ከክትፎው መርጣም አጎረሰችኝ። ቃሏን ሰረቅሁ፤ ያ አንድ ነው። እናቴን በእሷ የሸኘችውን ሴት ዓይን እያየሁ የእኔ ናት አልኩ፤ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። ያቺን ጉርሻም ዋጥኋት።

ከዚያ ወዲህ ቃሏ በወልቂጤ መንገድ በተጮኸች ቁጥር እደነግጥ ጀመር። ኅዳር ላይ አልቻልኩም፤ ቸሃ ሄድኩ። አዶቴ፣ ወርጌና ደሜ፣ ከማኅበሩ የቀሩት ሦስቱ፣ ጓሮ እንሰት ይፍቃሉ። አሁን ሕፃን አይደለሁምና መግባት አይገባኝም። ዳር ቆሜ እኔ አልፈጠርኩም፣ ሰርቄያለሁ፣ አዶቴ ፊትም ዋሽቻለሁ አልኩ። ወርጌ መፋቂያዋን ጥላ ተነሣች፤ ትረገም አለች። እርግማን ደግሞ በእኛ አገር ቀልድ አይደለም። እኔም እየተንተባተብኩ ቃሉን ሁሉ ከጌሙ አጠፋለሁ አልኩ።

«ልጆቹ አፍ ውስጥ የገባውንስ በምን ታወጪዋለሽ?» አለች አዶቴ።

 ሦስቱ በዚያው በእኔው በሰረቅሁት አነጋገር ረጅም ተከራከሩ፤ የምሰማውን ሁሉ እየሰማሁ አንገቴን ደፋሁ። በመጨረሻ አዶቴ በአማርኛ፣ ምናልባት እንደ እንግዳ ልትቆጥረኝ ፈልጋ፣ ፍርዷን ነገረችኝ።

«ሌባዋን ብናባርር ቃሉ አይመለስም። ባለቤት እናድርጋትና የራሷን ንብረት ትጠብቅ።»

እንዲህ ሆኖ ስንት ዘመን ልጅ ያልገባበት ማኅበር እኔን፣ ይቺን ውሸታም፣ አስገባ። ያደረጉኝን አልናገርም፤ ያሉኝንም አልተረጉምም። ሲያልቅ ግን እግሬ መሬት የሚረግጥ አይመስልም ነበር። ወርጌ እንኳ እያጉረመረመች እልል አለች! ከዚያ እናቴ መቃብር ይዘውኝ ሄዱ፣ ቃሏንም ለመጀመሪያ ጊዜ በቦታዋ፣ በመብቴ፣ ጮክ ብዬ አልኳት። አለቀስኩ፤ ግን የተሸነፈ ሰው ለቅሶ አልነበረም። በጌሙ ውስጥ ያለችውን ምን ላድርጋት ብዬ ስጠይቅ አዶቴ መቃብሩ ላይ ያለውን ሣር እየነቀለች፣ «ሲያሸንፉ ይበሏት» አለች፤ «እናትሽም መሸነፍ አትወድም ነበር።»

ሁለት ነገር አስማሉኝ። ትርጉሟን ለማንም እንዳልናገር፣ ስርቆቴን ግን ለሁሉም እንድናገር። መቼ እንደምትባል ንገሪያቸው አለች አዶቴ፤ ክብደቷን ካላወቁ ጥፋትሽንም አያውቁትም። ይኸው ነገርኳችሁ። ነስሩም እዚሁ ያንብበው፤ አንደኛ ያስወጣን የእኔ ጭንቅላት አልነበረም። የጉብሬ ሊቃውንትም ቀጥሉ፣ ተከራከሩ፤ አንዳችሁም አልተጠጋችሁም፣ አትጠጉምም። የቸሃ አሮጊቶች ምስጢር በልጅ ሁሉ አፍ እየተጮኸ ዛሬም ምስጢር ነው። በዚህ አለመኩራት አልችልም፤ ኩራቴም የጀመረው ከስርቆት ነውና እሱንም ጽፌዋለሁ።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ የተበደላችሁት እናንተ አይደላችሁም። ይቅር የማለት መብት የነበራቸው ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ ሦስቱም ይቅር ብለውኛል። አሁን ግን የማኅበሩ ሴቶች አራት ነን፤ አራተኛዋ እኔ ነኝ፣ ፍርዴንም ገና አልሰጠሁም።