ነጅሙዲን የነቀለው ወንበር

ወንድሜ ነጅሙዲን እጁ የተባረከ መካኒክ ነበር፤ ጭንቅላቱን ግን እንጃ። ታላቅ እህቱ ነኝ፣ ደጉን ባወራ ክፉውን አልደብቅለትም።

በሰባ አምስት ዓመተ ምህረት ዲላ ጋራዡ ውስጥ አንዲት ቀይ የጣሊያን መኪና ነበረች። ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። ባለቤቷ ቡና ነጋዴ ነበር፣ ደርግ ሲመጣ ጥሏት ሄደ። ነጅሙ «በሰዓት ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር አስሮጣታለሁ» ብሎ ተነሳ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! የፊትና የኋላ መከላከያ ፓራውልቷን ፈታ፣ መሬት ትጠጋ ብሎ ሞላዎቿን ቆረጠ፣ ዲፈረንሻሏንም ዳገት ቢከብዳትም ለሜዳ ፍጥነት በሚሆን ቀየረው። በመጨረሻ ትቅለል ብሎ ከሾፌሩ ጎን ያለውን ወንበር ነቀለው።

«ኧረ ወንበሩን ተው፣ መኪያ ትቀመጥበታለች» አልኩት።

«ከሩጫው በኋላ እመልሰዋለሁ፣ እታለም። እሷ ለመውለድ ገና ወር ይቀራታል።»

መኪያ ከዲላ በላይ ደጋው ላይ፣ ቡሌ ያገባች ታናሻችን ናት። ሁለት ጊዜ አምጣ ሁለቱንም ቀብራለች። ሐኪሙም «ሦስተኛውን ሆስፒታል ካልወለድሽ አንቺም አትተርፊም» ብሏታል። ነጅሙ «ምጥ ሲጀምርሽ ሰው ላኪብኝ፣ በቀይዋ መኪና አደርስሻለሁ፤ እኔ እያለሁ ምን ያሰጋሻል!» ብሎ ማለላት። ዲላ እኔ ዘንድ ነይ ብላት እሱን ተማምና እምቢ አለችኝ።

በዚያን ጊዜ መንግሥት ባወጣው የነዳጅ ቁጠባ የተነሳ እሑድ መኪና ስለማይነዳ መንገዱ ባዶ ነው። አንድ እሑድ ነጅሙ ከቀበሌ አስፈቅዶ ከከተማው በታች ያለውን ቀጥ ያለ አስፋልት ያዘ። ጓደኛው ሰብስቤ ሰዓት ይዞ ለካ፤ አንዱን ኪሎ ሜትር በአሥራ ስምንት ሴኮንድ! ሰው አጨበጨበ። እኔም፣ ምን ልዋሽ፣ እልል አልኩ።

እልልታዬን ሳልጨርስ የመኪያ ጎረቤት ዘነበ በበቅሎ ደረሰ። «ምጡ ጠንቶባታል፣ በቃሬዛ ይዘዋት ተነስተዋል» አለ።

ሌላ መኪና በዚያ ቀን ከየት ይመጣል? ነጅሙ ያቺኑ ይዞ ወደ ቡሌ ወጣ። የመጀመሪያውን አቀበት ሳትጨርስ የመኪናዋ ሆድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ ፍሪሲዮኑም ጨሰ። ጥሏት በእግሩ ሮጠ። የቀረውን የነገረኝ የመኪያ ባል ሽፋ ነው። ነጅሙ ተሸካሚዎቹን መንገድ ላይ አገኛቸው። እነሱ በየተራ ይቀያየራሉ፤ ነጅሙ ግን አልቀየርም ብሎ መኪናዋ እስከቆመችበት ድረስ ተሸከማት። እዚያ ሲደርሱ መኪያ ቀና ብላ ወደ ውስጥ አየች።

«ወንድምዬ፣ የኔ መቀመጫ የታለ?» አለችው።

ቃሬዛውን አንስተው ቁልቁል ቀጠሉ። ዲላ ሳይደርሱ ነፍሷ ወጣች፣ ልጇም ከሆዷ አልወጣም። አላህ ይማራት።

ለቀስተኛ ፊት ሰደብኩት፣ ረገምኩት። ዛሬ ይቆጨኛል፤ እኔስ እልል ብዬ የለ?

በአራተኛው ቀን ጋራዥ ሄድኩ። መኪናዋን በሰው አስገፍቶ አምጥቷታል። ተንበርክኮ ያንን ወንበር ወደ ቦታው ይመልሳል፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ያጠብቃል።

«አሁን ለማን ነው?» ብዬ ጮህኩበት።

ቀና ብሎ አላየኝም።

«እመልሰዋለሁ ብዬሽ የለ፣ እታለም።»