ያላሳዳጊ የተባሉት ልጆች

ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው መይሙና ቂም የምትይዝ ሰው አልነበረችም፤ ወይዘሮ ወይንሀረግ በብሎኩ ስብሰባ ላይ ልጆቿን «ያላሳዳጊ» እስካሉባት ቀን ድረስ። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት እኚህ ሴት፣ ከጣሪያዬ በላይ ቀኑን ሙሉ ድብደባ ነው፣ ልጆቿ ካልጋ አልጋ ይዘላሉ ብለው ከሰሷት። የመዝለሉ ነገር ባልከፋ፤ ልጅ ይዘላል። ያላሳዳጊ ግን ለልጅ ተሰድቦ እናት ላይ የሚያርፍ ስድብ ነው። ባሏ ሁመድ ተይው፣ ጎረቤት ነው ሲላት እሺ አለችው እንጂ አልተወችውም።

በዚያው ሰሞን የትልቋ ልጇ የኢክላስ አስተማሪ ወላጆችን ሰብስባ፣ ልጆች በየቀኑ ትንሽ አረፍ ብለው ትንፋሻቸውን እንዲያዳምጡ አለማምዷቸው ብላ ነበር። ሌሎቹ እናቶች ተሳሳቁ። ለመይሙና ግን የበቀል መንገድ ታያት። ወይንሀረግን የልጆቼ ኮሽታ እስኪናፍቃቸው ድረስ ልጆቹን ጸጥ አሰኛቸዋለሁ አለች በልቧ።

ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ምንጣፍ ላይ በጀርባቸው ታስተኛቸዋለች። ትንሹ ሙስአብ የአሻንጉሊት መኪናውን ሆዱ ላይ ያስቀምጣል፤ አየር ሲስብ መኪናዋ ዳገት ትወጣለች፣ ሲያስወጣ ቁልቁለት ትወርዳለች። መጀመሪያ ሰሞን ሳቅ በሳቅ ነበር። እያደር ግን ወደዱት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚሰሙትን በየተራ ይናገራሉ፦ «አብነት፣ አብነት» የሚለውን የታክሲ ረዳት፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ፣ የሰንጋ ተራን የግንባታ ማሽን። እናታቸውም አብራቸው ትጋደማለች፤ የምታዳምጠው ግን ትንፋሿን ሳይሆን ደረጃውን ነበር።

አንድ ከሰዓት የምትጠብቀው ኮቴ መጣ። ወይንሀረግ የብሎኩን ሊቀመንበር አቶ ገብረጊዮርጊስን ይዘው በሩን ደበደቡ፤ ይኸው እየዘለሉ ነው፣ በጆሮዎ ይስሙ እያሉ። መይሙና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ተጋድመዋል። ወይንሀረግ የከሰሱበት ድብደባ ግን አላቆመም፤ ድው፣ ድው።

«ሙስአብ፣ ምን ይሰማሃል?» አለች።

ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ሙቀጫ። ከላይ» አለ።

ከላይ፣ አራተኛ ፎቅ፣ የሚኖሩት አቶ ገብረጊዮርጊስ ራሳቸው ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣ ባለቤቴ ነጭ ሽንኩርት እየወቀጠች ይሆናል፣ እዚህ ሕንፃ ላይ ድምፅ በምሰሶው ነው የሚወርደው ምናምን ብለው ሹልክ አሉ። ወይንሀረግ ሊከተሏቸው ሲሉ መይሙና በሩ ላይ ቆመች።

«እትዬ ወይንሀረግ፣ ምነው ቸኮሉ? ጫማዎን ያውልቁና ከልጆቹ ጋር አረፍ ይበሉ። አሳዳጊ እንዳላቸውም አይተው ይሂዱ።»

ሴትየዋ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ተሳስቻለሁ፣ ልጄ። እዚሁ ይለቅ።»

«ሰው ፊት ያሉትን ሰው ፊት ይመልሱልኛል።»

እሁድ ግቢው ውስጥ ስብሰባ ነበር። ወይንሀረግ ተነስተው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ልጆቹ ጨዋ ናቸው፣ እናታቸውም በሚገባ ነው ያሳደገቻቸው አሉ። መይሙና እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ «ከኋላ አልተሰማም» አለች። ደግመው ተናገሩ። ሰዉ አቀረቀረ፤ ሁመድ ክንዷን ጎተታት። ለእሷ ግን እንደ ማር ጣፈጣት።

ቤት ገብተው እንደ ልማዳቸው ምንጣፉ ላይ ተጋደሙ። ኢክላስ መዳፏን እናቷ ሆድ ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆየችና፣ «እማ፣ ትንፋሽሽ ይሮጣል» አለቻት።

«ዛሬ ይሩጥ» አለች መይሙና።